በቂጣ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋ፤ ለሥራ ቀን እራት

ከእርሻ ውሎ ቤት ሲገባ ፀሐይ ጠልቃለች። ከብት ይታሰራል። ውሃ ይቀዳል። እሳት ይነድዳል። ልጆች ራበን ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት ተልጦ፣ ቁሌቱ በስሎ፣ ወጡ እስኪደርስ ድረስ ትንንሾቹ በየጥጉ እንቅልፍ ወስዷቸው ይገኛሉ። እናትየውም ቀኑን ሙሉ ያልተቀመጠች፣ ማታም አትቀመጥም። ይህ በብዙ ቤት የታወቀ ነገር ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሰዓት ነው። ሥጋ ቤት ውስጥ ባለበት ቀን፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙ ባልበለጠ ጊዜ ስለሚደርስ እራት እንነጋገራለን። ምግቡ በስስ የስንዴ ቂጣ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋ ነው። በእጅ ተይዞ ይበላል። ወጥ አይፈልግም።

ምግቡ ከየት መጣ? ሜክሲኮ በአሜሪካ አህጉር የምትገኝ አገር ናት። የዚያ አገር ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚበላው ከበቆሎ የተጋገረ ስስ ቂጣ ነው። ቶርቲያ ይባላል። በቆሎውን በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል፤ ያሳድሩታል፤ ከዚያም አጥበው ይፈጩታል። ስፔኖች ስንዴን ካመጡላቸው በኋላ ደግሞ በተለይ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በስንዴ ዱቄትም መጋገር ጀመሩ። በቂጣው ላይ ሥጋ ወይም ቦሎቄ አድርገው፣ አጥፈው፣ በእጃቸው ይበላሉ። በዚህ ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ።

የሚመሳሰሉን በዚህ ብቻ አይደለም። በቆሎ መጀመሪያ የተገኘው ከእነርሱ አገር ነው። በአንዳንድ አካባቢ በቆሎን የባሕር ማሽላ ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። በርበሬም፣ ቲማቲምም፣ ቦሎቄም የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። እኔ ስለ በርበሬ ይህን መጀመሪያ ሳነብ አላመንኩም ነበር። ያለ በርበሬ የኖረ አበሻ ማን ያስባል?

በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ 1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ግሌን ቤል የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ውስጥ ዳውኒ በምትባል ከተማ ታኮ ቤል የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። የሜክሲኮን ምግብ አሜሪካኖች በሚወዱት መንገድ እየሠራ ለችኩል ሰው ይሸጥ ጀመር። ሰው መጥቶ ያዝዛል፤ በጥቂት ደቂቃ ተቀብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ፈጣን ምግብ ይሉታል። ዛሬ ይኸው ምግብ ቤት በብዙ አገር ቅርንጫፍ አለው። ከሚሸጣቸው ምግቦች አንዱ ትልቅ የስንዴ ቂጣ ነው። በውስጡ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ቺዝ፣ የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ቂጣ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ይደረግበታል። ከዚያም ጠርዙ ወደ መሐል 6 ጊዜ ታጥፎ በብረት ላይ ይጠበሳል። እዚያ አገር ብዙ ሰው ይህንኑ በቤቱ እያስመሰለ ይሠራዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ያ ምግብ ቤት ፈጣን የሆነው እሳቱ ከእኛ እሳት ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ከመድረሱ በፊት ቂጣው ተጋግሯል፤ ሥጋው በስሏል፤ ሰላጣው ተከትፏል። የቀረው መጠቅለል ብቻ ነው። ሥራው ደግሞ ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል፤ አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ይጠቀልላል። በእኛም ቤት ማታ የሚያስቸግረን ሁሉም ሥራ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው።

ስለዚህ ከቂጣው እንጀምር። ቂጣው ቀደም ብሎ ይጋገራል። ጥሩው ቀን እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱ ገና ግለት አለው። ያ ግለት በከንቱ ከሚጠፋ ቂጣ ይጋገርበት። ማገዶም ይተርፋል።

ለ6 ሰው 3 ኩባያ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። ኩባያ ስንል ሩብ ሊትር ገደማ የሚይዘውን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበታል። ዘይቱ በዱቄቱ ውስጥ በጣት እየታሸ ይሰራጭ። ከዚያም ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይቦካል። አንድ ኩባያ ውሃ ሳያልቅ ሊጡ ይይዛል። እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ታሽቶ፣ በ6 ተከፍሎ፣ ተድቦልቡሎ፣ ጨርቅ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። እርሾ አይገባበትም።

ይህችን ግማሽ ሰዓት የናቀ ሰው እንደ እኔ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ስሠራው ሊጡን አቡክቼ ወዲያው ለመዳመጥ ተነሣሁ። በስፋት ሳወጣው ተመልሶ ይሰበሰባል። ብታገለው አልሰማ አለኝ። በመጨረሻ እንደ ወፈረ ጋገርኩትና ለባለቤቷ ለእማማ አቀረብኩ።

«እማማ፣ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው።

ዞር አድርገው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ቂጣ ነው ወይስ ጋሻ?» አሉኝ። ከዚያ የቀረውን ድቡልቡል ጨርቅ አለበሱትና «ይረፍ እንጂ! ሰውስ ሳያርፍ ይታዘዛል?» ብለው ቡናቸውን ወደ መቁላት ሄዱ። ቡናው ደርሶ የመጀመሪያው ስኒ ሲጠጣ ያ ሊጥ እንደ ጨርቅ ተዘረጋ።

ያረፈው ሊጥ በክብ እንጨት ወይም በታጠበ ጠርሙስ ይዳመጣል። ስፋቱ ከመካከለኛ ሣህን ይብለጥ፤ ሳሳ ይበል። በጋለ ምጣድ ላይ ያለ ዘይት ይጣላል። አረፋ ሲያወጣ ይገለበጣል። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ደቂቃ አይሞላም። ብዙ ከቆየ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰበራል። ከምጣድ እንደ ወጣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ በጨርቅ ይጠቅለል፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። በመሶብ ውስጥ እስከ ነገ ማታ ይቆያል። ስንዴ ለሌለው ቤት ትኩስ እንጀራም ያገለግላል። ነገር ግን እንጀራ ቶሎ ይርሳል፤ ሥጋው መረቅ ሊኖረው አይገባም።

አሁን ወደ ሥጋው። በገጠር ቤት ሥጋ በየቀኑ የለም። ቅርጫ ከተገባ በማግሥቱ፣ ወይም ከገበያ ግማሽ ኪሎ የተገዛ እንደሆነ ነው። ግማሽ ኪሎ ለ6 ሰው ያንስ ይመስላል፤ አያንስም። አንድ ኩባያ የበሰለ ቦሎቄ ይቀላቀልበት። ሜክሲኮዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ቦሎቄው ግን ከዋዜማው ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እየተንፈቀፈቀ በደንብ የተቀቀለ ይሁን። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ጥሬነት ካለው ሆድ ያማል፤ ያስመልሳል።

ሥጋው እንደ ክትፎ ደቅቆ ይከተፋል። ጥቅሙ ለአፍ ብቻ አይደለም። የደቀቀ ሥጋ ቶሎ ይበስላል፤ ትልቅ ጉርድ ሥጋ አንድ ሰዓት ሲፈጅ ይህ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ታዲያ ማን ይክተፈው? በቅርጫ ቀን ቢላዋ ስሎ፣ በሬ በልቶ፣ መደብ በመደብ የሚያካፍለው አባወራው አይደለም ወይ? ቢላዋ የሚያውቅ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ቢላዋውን አይረሳም። እርሱ ሲከትፍ እርሷ እሳቱን ታንድድ፤ ትልቁ ልጅ ሽንኩርት ይላጥ። ግማሽ ሰዓት ያልኩት በዚህ ስሌት ነው። ሁሉን ለአንድ ሰው ከተዉት ግን አንድ ሰዓትም አይበቃም።

ብረት ምጣዱ በደንብ ይጋል። አንድ ማንኪያ ዘይት ይግባበት። ሥጋው ይበተንና ሳይነካ ጥቂት ይቆይ፤ ከሥር ቡናማ ሲሆን ይገለባበጥ። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል። ውሃው እስኪመጥ ድረስ እየተሰባበረ ይማሰል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሽንኩርትና 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ደቅቀው ይግቡ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና ጨው ይጨመር። ከሙን ከጥቁር አዝሙድም ከነጭ አዝሙድም የተለየ ነው፤ ገበያ ላይ በስሙ ይጠየቅ። ከሌለም ይቅር። በርበሬው እንዳያርር ወዲያው ሩብ ኩባያ ውሃ ጣል ይደረግበት። ቦሎቄውም ይግባ። መረቁ እስኪደርቅ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይበቃል።

የለመድነውን ወጥ ያህል ይጥማል አልልም። ሽንኩርቱ ለረጅም ጊዜ የተቁላላ ወጥ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለእሑድ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን የምንነጋገረው ነገር አለ። ሌላው ሥራ ሁሉ ይፍጠን፤ የሥጋው መብሰል ግን አይቸኮልበት። ለብ ለብ ያለ አይበቃም። ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው ኮሶ ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣር ላይ ይቀራል። ከብት ያንን ሣር ይግጣል። እንቁላሉ በከብቱ ሆድ ይፈለፈልና ሥጋው ውስጥ ገብቶ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ከረጢት ይሆናል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ አድርጎ ሲበላ ከረጢቱ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። ትሉ ብዙ ሜትር ይረዝማል። በደንብ የበሰለ ሥጋ ውስጥ ግን ይሞታል። የኮሶ ዛፍ አበባ ጠጥቶ ማስወጣት የቆየ ልማድ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ሰውን ይጎዳል። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ኪኒን አለ።

ሁለተኛው ከኮሶም የሚቸኩል ነው። በጉርድ ሥጋ ላይ ያለ ተሕዋስያን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ውጪው ላይ ነው። ስንከትፈው ግን የውጪው ከውስጡ ይቀላቀላል። ስለዚህ የተከተፈ ሥጋ እስከ ውስጡ መብሰል አለበት። አንድ ጉብታ ሰብራችሁ እዩ። ውስጡ ቀይ ከሆነ፣ የሚወጣውም ፈሳሽ ደም የሚመስል ከሆነ፣ ገና ነው። ጥሬ ሥጋ ባሕላችን ነው ብሎ የሚከራከረኝ ብዙ ሰው አለ። እኔም ከዚያው ባሕል የወጣሁ ነኝ። ቢሆንም በችኮላ ለልጅ በሚሰጥ እራት ላይ አልስማማም።

የተከተፈበት እንጨትና ቢላዋም በሳሙና ይታጠብ። ሳይታጠብ ቲማቲም አይቆረጥበት። ሥጋው በእሳት ሲጸዳ ቲማቲሙ በጥሬው ይበላልና።

አሁን መጠቅለል ነው። ቂጣው በምጣድ ጥቂት ይሙቅ፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። መሐሉ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ሥጋ ይደረግ። አሜሪካኖቹ የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ቂጣ ያደርጉበታል ብለን ነበር። እኛ ምን አለን? ድርቆሽ! መዳፍ የሚያህል የድርቆሽ ቁራጭ ሥጋው ላይ ይቀመጥ። ለእኔ ከሁሉ የጣመኝ ይህ ነው። በላዩ አይብ፣ ጥቂት እርጎ፣ በንጹሕ ውሃ የታጠበ ቲማቲምና ቀጭን ሆኖ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ይጨመር። ቲማቲሙና ጥሬው ጎመን ከማጣፈጥ ሌላ ጥቅም አላቸው፤ በቦሎቄው ውስጥ ያለውን፣ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ይረዳሉ። ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የቂጣው ጠርዝ ከአንድ ወገን ወደ መሐል ይታጠፍ። ቀጥሎ ያለው ጠርዝ በእርሱ ላይ ይደረብ። እንዲህ እየዞሩ 6 ጊዜ ነው። እጥፋቱ ወደ ታች ሆኖ ብረት ምጣዱ ላይ ይቀመጥ፤ በእጅ መዳፍ ሳይሆን በሣህን ጫን ይደረግ። ከ2 ደቂቃ በኋላ እጥፋቱ ይያያዛል፤ አይፈታም። ይገልበጥና ሌላውም ጎን ቡናማ ይሁን። ብዙ ሥጋ የተደረገበት ግን ይፈነዳል። እጅግ ለጋስ የሆነ ሰው ሁለት ትንንሽ ይጠቅልል እንጂ አንዱን አያስጨንቀው።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት በሥጋው ፈንታ ቦሎቄው ወይም ምስሩ ብቻ ይግባ፤ አይቡና እርጎው ይቅር። ትኩስ ሥጋ በሌለበት ቀን ደግሞ ቋንጣ ተሰባብሮ ይወቀጥና በጥቂት ውሃ ይፍላ፤ ሲለሰልስ ልክ እንደ ሥጋው ከሽንኩርቱ ጋር ይሠራል። ጨውና በርበሬ አስቀድሞ ስላለበት ተቀምሶ ይጨመር። ለትንንሽ ልጆች በርበሬው ከመግባቱ በፊት ድርሻቸው ይነሣላቸው።

የተረፈ የበሰለ ሥጋ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አይደር። ከ2 ሰዓት በላይ በሙቀት ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ሽታው ሳይለወጥም ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ የሚበቃው ያህል ብቻ ይጠበስ፤ የቀረው ጥሬ ሥጋ በዚያው ምሽት ዘልዘል ተደርጎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ቋንጣ ይሰቀል። የተረፈ ቂጣ ግን ችግር የለበትም። ከምድጃው አጠገብ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ቢያድር ጠዋት ይንኮሻኮሻል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድርቆሽ ቢጠፋ በእርሱ ቦታ ይገባል።