ገዳዩን የሚያውቀው ጎረቤት ነው

የግድያ ታሪክ እየተነበበ ይሳቃል ሲባል ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ያለ አንባቢ ግር ሊለው ይችላል። ሞት በእኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከልበት፣ ዕድርተኛው ሥራ ፈቶ የሚሰበሰብበት ከባድ ነገር ነው። ሆኖም የመንደር ግድያን በቀልድ እያዋዙ የሚተርኩ ልቦለዶች በብዙ አገር በፍቅር ይነበባሉ። በሞት ስለሚቀልዱ አይደለም፤ ሰው ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚያውቅ ስለሚጠይቁ ነው።

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመችውን የመጀመሪያውን የሚስ ማርፕል ልቦለድ እንይ። ኮሎኔል ፕሮቴሮ በቄሱ ቤት፣ በቄሱ የጽሕፈት ክፍል ተገድለው ይገኛሉ። ተራኪው ራሳቸው ቄሱ ናቸው፤ ቀደም ሲል በምሳ ገበታ ላይ «ይህን ሰው የሚገድል ለዓለም ውለታ ይውላል» የሚል ቃል አምልጧቸዋል። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ የአፍ ወለምታ ነው። ምስጢሩን የሚፈቱት ሚስ ማርፕል አትክልታቸውን እየኮተኮቱ ወጪ ወራጁን የሚታዘቡ አሮጊት ናቸው። ተጠርጣሪ ሲያዩ በጠባይ የሚመስለው አንድ የመንደር ሰው ትዝ ይላቸዋል፤ መንገዳቸውም ይኸው ነው።

የዘርፉ ውበት እዚህ ላይ ይገለጣል። ተጠርጣሪዎቹ ጥቂትና የታወቁ ስለሆኑ አንባቢው ከመርማሪዋ ጋር ይፎካከራል። ፍንጩም ተራ ነገር ነው፦ የተዛነፈ ሰዓት፣ ያለወትሮው የተዘጋ በር። ደም ብዙ አይታይም። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይህን መንፈስ ወደ ቦትስዋና አምጥቶ፣ ሻይዋን እየጠጣች የሰውን ጭንቀት የምታቃልለውን መርማሪ ማ ራሞትስዌን ፈጥሯል።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ይህ ልቦለድ የሚካሄደው ለሀዲያ ጎረቤት በሆነው በጉራጌ ምድር ነው። የአንድ ሰው ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል፤ ነዋሪው አጥፊውን ለማወቅ ተሰብስቦ ይመካከራል። ግድያ የለበትም፤ ግን መርማሪው መንደሩ ራሱ ነው።

ሆሳዕናና ዱራሜም ለእንዲህ ያለ ድርሰት የሚሆን ሞልቷቸዋል። ቡና ላይ የሚጠራሩ ጎረቤቶች የማን በር ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ያውቃሉ። ለሀዲያ የያሆዴ፣ ለከምባታ የመሳላ በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ሰው ወደ ቤተሰቡ ይገባል። ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ ፎቅ ሲቆም አድናቆትም ጥርጣሬም አብሮ ይነሣል። ጥሩ ደራሲ ከዚህ ሳቅም ፍንጭም ያወጣል።

ትልቁ ሀብት ግን የታሪኩ ፍጻሜ ነው። የእንግሊዙ ልቦለድ ብዙ ጊዜ የገዳዩ ስም በተጠራ ዕለት ያበቃል። በሀዲያና በከምባታ ነፍስ ሲጠፋ፣ ከፍርድ ቤቱ ሌላ ሽማግሌዎች ሴራ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት የሁለቱን ወገን ቂም ለማብረድ ይቀመጣሉ። እውነቱ መውጣቱ ለእርቁ መነሻ ነው። ስለዚህ በዚህ ምድር የሚጻፍ የመንደር ምስጢር «ማን ገደለው?» የሚለውን ከመለሰ በኋላ ገና አንድ ከባድ ምዕራፍ ይቀረዋል፦ የገዳይና የሟች ቤተሰብ በአንድ መንደር እንዴት ይኖራሉ? ይህን በርኅራኄና በሳቅ የሚመልስ ደራሲ ለዘርፉ አዲስ ነገር ይጨምራል።