የሮታሪ ሞተር የውሃ ግፊት፦ ምልክትንና መንስዔን ስለ መለየት

ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አለመሆኑን እኛ የሕክምና ተማሪዎች ገና ከጅምሩ እንማራለን። የማሽንም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የአውሮፕላን ሮታሪ ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃ ግፊት ሲዛባ መንስዔው እንዴት እንደሚፈለግ እንመለከታለን።

በቅድሚያ ስሙ እንዳያሳስተን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የነበሩት ሮታሪ ሞተሮች ሲሊንደሮቻቸው የሚሽከረከሩና በነፋስ የሚቀዘቅዙ ነበሩ። እዚህ የምንናገረው ግን ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ስለ ፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ተሞከረው ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ሞተር ነው። የማዝዳን የመኪና ሞተር በገዛ እጃቸው በሠሩት አነስተኛ አውሮፕላን ላይ የሚገጥሙ አሉ።

በዚህ ሞተር ነዳጁ የሚቃጠለው ዘወትር በአንድ ወገን ስለ ሆነ በካንዴላዎቹ አካባቢ ሙቀቱ ይበረታል። እዚያ ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ እናውቃለን። 0.9 ባር የሚይዝ የራዲያተር ክዳን የውሃን መፍያ በባሕር ወለል ወደ 119 ዲግሪ ያደርሳል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 113 ዝቅ ይላል። ክዳኑ ካልያዘ ደግሞ እዚያው ከፍታ ላይ በ90 ገደማ ይፈላል።

ምርመራው እንደሚከተለው ነው፤

አንደኛ፦ ሞተሩ ግሎ ግፊት ከሌለ ክዳኑ፣ ቱቦዎቹና ራዲያተሩ ይታዩ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ ፓምፕ እስከ ክዳኑ ልክ ግፊት ሰጥቶ መርፌው መውረድ አለመውረዱን መከታተል ነው። የጋለ ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም።

ሁለተኛ፦ ቀዝቃዛ ሞተር እንደ ተነሣ፣ ውሃው ሳይሞቅ ግፊቱ ካሻቀበ የቃጠሎ ጋዝ የውሃውን ጎሚኒ አልፎ እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከውሃው በላይ ያለው አየር በላቦራቶሪ በምናውቀው ብሮሞቲሞል ብሉ ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ መርፌው ከተንቀጠቀጠ የታፈነ አየር ይኖራል፤ ከመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ይውጣ። ወጥቶ ከተመለሰ ግን ወደ ሁለተኛው ምርመራ መሄድ ነው።

የሙቀት መለኪያ ብቻውን አይበቃም። ውሃው ፈስሶ ካለቀ መለኪያው በባዶ ቦታ ስለሚቀር ሞተሩ እየነደደ «ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል። ግፊቱ ግን ቀድሞ ይወድቃል። አንድ ሞተር ብቻ ላለው አብራሪ ይህች የጊዜ ልዩነት ማረፊያ ሜዳ ለመፈለግ ታስችለዋለች።

ስለዚህ ግፊት በተዛባ ቁጥር ጠንካራ ክዳን መለወጥ፣ ትኩሳቱን አብርዶ ቁስሉን እንደ መተው ይቆጠራል። መንስዔው ሳይታወቅ አውሮፕላኑ ከመሬት ሊነሣ አይገባም።