አሞናይቱን ላንሳው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ከመቀሌ ዙሪያ የተነሣ ጥምዝ ድንጋይ ተሰጠኝ። ቀንድ አውጣ ነው? ሌላም ብሰበስብስ? (ከልደታ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ውስጡ በግድግዳ በግድግዳ የተከፋፈለ ከሆነ የኦክቶፐስና የስኩዊድ ዘመድ የነበረው አሞናይት ነው፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንዲህ አይከፈልም። ስለ መሰብሰቡ ደግሞ፣ የልደታ መሬት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለሆነ አሞናይት የለበትም። የመቀሌ ዙሪያው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ግን በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ የባሕር ወለል ነበር። የአሞናይት ዝርያዎች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጡ ስለነበር የድንጋዩን ዕድሜ ይመሰክራሉ፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጡ ካልታወቀ ግን ምስክርነቱ ይጠፋል። «ዝናብ ከሚያፈርሰው እኔ ላንሣው» የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ ዝናብ በእርግጥ ያፈርሳል። ሆኖም ቦታው ሳይመዘገብ የተነሣውም ለሳይንስ ያው እንደ ፈረሰ ነው። ስለዚህ አይሰብስቡ፤ ሲያገኙ ባለበት ፎቶ አንሥተው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ። እጅዎ የገባውን ደግሞ፣ የሰጠዎትን ሰው ትክክለኛ ቦታውን ጠይቀው ዛሬውኑ ጽፈው ያያይዙበት።