ሃይድሮጂን የያዘች ትንሽ መኪና ታሰጋለች?

ጥያቄ፦ በሃይድሮጂን የምትሄድ ትንሽ መኪና ብትጋጭ እንደ ቦምብ አትፈነዳም?

መልስ፦ ከታንኩ ይልቅ የመኪናዋ ክብደት ማነስ ቢያሳስብዎ ይሻላል። ለምሳሌ በሃይድሮጂን የምትሄደው ቶዮታ ሚራይ ጋዙን የምትይዘው በካርቦን ፋይበር በተጠቀለሉ፣ 700 ባር ግፊት በሚችሉ ታንኮች ነው። ግጭት ሲደርስ ቫልቮቹ ይዘጋሉ፤ እሳት ታንኩን ካጋለው ደግሞ ሙቀት የሚከፍተው ማስተንፈሻ ጋዙን ወደ ውጭ ይለቀዋል። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ሜዳ ላይ ሽቅብ ይበተናል፤ ቤንዚን ግን መሬት ላይ ፈስሶ ይነድዳል። «በቀላሉ ይቀጣጠላል» የሚሉት እውነት አላቸው፤ ከአየሩ 4 በመቶ ሲሞላ እሳት ሊይዝ ስለሚችል፣ በተዘጋ ጋራዥ ጋዝ ጠቋሚና አየር ማስወጫ ግድ ነው። የትንሽነት ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና 2,000 ኪሎ ከምትመዝን ጋር ፊት ለፊት ስትላተም፣ የፍጥነት ለውጡ በትንሿ ላይ እጥፍ ይሆናል። ይህን ነዳጅ አይለውጠውም፤ ጉዳቱን የሚያቀልሉት ቀበቶ፣ ኤርባግና ጠንካራ አካል ናቸው።