ታሪኩን የሚያውቅ ተማሪ ለምን ማርክ ያጣል?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መጻሕፍቱን በደንብ አነባለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ውጤቴ ዝቅ ይላል። ምን ላድርግ? (ተማሪ፣ ከጥያ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ንባብ አይደለም። ተማሪው ታሪኩን መልሶ ይተርካል፤ ፈታኙ የሚፈልገው ግን ትንታኔ ነው።

የጉራጌው ተወላጅ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉትን «አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለድ እንውሰድ። ናማጋ የተባለው ገጸ ባሕርይ ጎጆ ይቃጠላል፤ የአገሩ ሰው አጥፊውን ለማግኘት አውጫጭኝ ይቀመጣል። «ደራሲው ባህላዊውን ፍትሕ እንዴት አቀረቡት?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ደካማው መልስ ከቃጠሎው ጀምሮ ይተርካል። ጠንካራው ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አቋሙን ይናገራል፦ ሥርዓቱ ሰውን ያሰባስባል፤ እውነቱን ለማውጣት ግን አቅሙ ውስን ነው። ከዚያ አንድ ትዕይንት መርጦ ማን እንደተናገረ፣ ማን ዝም እንዳለ በማስረጃ ያሳያል።

ሰዓትም ማርክ ይበላል። በ2 ሰዓት 4 እኩል ማርክ ያላቸው ጥያቄዎች ከተሰጡ ለአንዱ የሚደርሰው 30 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ 5ቱ ለንድፍ ይዋል።

ለዝግጅት ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ጭብጡን፣ ገጸ ባሕርያቱንና አጫጭር ጥቅሶችን የያዘ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል። ጠያቂያችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንድ የቆየ ጥያቄ በሰዓት ሠርቶ መምህሩን ያሳርም።