በአማርኛ ፋይሎች ውስጥ ቃል መፈለግ፦ የኢማክስ ዝግጅት

አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ብዙ የአማርኛ ፋይሎችን ሰብስቧል እንበል። ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያወሱትን ለመለየት ፈልጎ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ለኮምፒዩተሩ ቢሰጥና ምንም ባያገኝ፣ ጉዳዩ በፋይሎቹ ውስጥ የለም ብሎ ሊደመድም ይችላልን? አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን እንመለከታለን፤ ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ አርታዒም ለዚህ ሥራ እናዘጋጃለን።

የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የግሬፕ ዝርያዎች ናቸው። ግሬፕን እ.ኤ.አ. በ1973 በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ኬን ቶምሰን ሲሆን፣ ስሙም ኤድ ከተባለ ቀደምት አርታዒ አጭር ትእዛዝ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም «በፋይሉ ሁሉ ፈልግና አትም» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሪፕግሬፕ ደግሞ በፍጥነቱ ይመረጣል። ሁለቱም ግን ድምፅ አይሰሙም፤ የሚያነጻጽሩት የፊደሉን መለያ ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ፣ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሠ 1220፣ ሰ ደግሞ 1230 ተሰጥቷቸዋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ፊደላት ለመሣሪያው ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው።

ስሌቱን እንሥራ። «ፀሐይ» በፀ ወይም በጸ ይጻፋል፤ መካከለኛው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 አጻጻፍ! ተማሪያችን የፈለገው አንዱን ብቻ ነው።

መፍትሔው የማዕዘን ቅንፍ ነው። በቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ስለሆኑ፣ [ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብለን ብንጽፍ 12ቱም ይያዛሉ። ይህን በየጊዜው በእጅ መጻፍ ግን አሰልቺ ነው። ኢማክስ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በመነሻ ፋይሉ ውስጥ በኢማክስ ሊስፕ የሞክሼ ፊደላትን ሠንጠረዥ እናስቀምጣለን፤ ቀጥሎም ቃል ተቀብሎ እያንዳንዱን ሞክሼ ፊደል በቤተሰቡ ቅንፍ የሚተካ አነስተኛ ፈንክሽን እንጽፋለን። ፈንክሽኑ ውጤቱን ለሪፕግሬፕ ያቀብልና መልሱን በኢማክስ የግሬፕ መስኮት ያሳየናል፤ ከመስመሩ ላይ ኢንተር ስንጫን ፋይሉ በቦታው ይከፈታል። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ኢማክስ ራሱ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር የምናዝበት ቅንብር አለው፤ ሆኖም የሚሠራው አርታዒው ራሱ በሚያካሂደው ፈለጋ እንጂ በውጭው መሣሪያ ላይ አይደለም።

የአማርኛ ቅጥያም መዘንጋት የለበትም። «ቤት» ቤቱ፣ ቤታችን፣ ከቤታቸው ይሆናል። ስለዚህ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን አማራጭ መተው፣ የመጨረሻውንም ፊደል ማላላት ይገባል። ዩኒኮድ የተ ዝርያዎችን በተከታታይ ስለደረደራቸው ቤ[ተ-ቷ] ማለት ይበቃል። እርግጥ «ቤተሰብ»ም አብሮ ይመጣል፤ ትርፉን ማበጠር ግን የጎደለውን ከማጣት ይሻላል።

ሪፕግሬፕ ሳይነገረው የሚዘላቸው ፋይሎችም አሉ፦ የተደበቁ፣ ጽሑፍ ያልሆኑና ጊት እንዲተዋቸው የታዘዘ። ገደቡን የሚያነሣ አማራጭ ስላለው በፈንክሽኑ ውስጥ ማካተት ይቻላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ግን በዚህ ሁሉ አይያዝም። በኢማክስ ስንከፍተው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ከታየን፣ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።