የወታደር ደመወዝ የማንን ገበያ ያደምቃል?

ስለ መከላከያ ወጪና ስለ አገር ሀብት የቀረበ አጭር ጥናት

አንድ አገር ነፃነቱን የሚጠብቅለት ጦር ሠራዊት እንደሚያስፈልገው የሚክድ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ዓድዋን ያየ፣ ማይጨውንም የቀመሰ ሕዝብ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጦር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። የምንመረምረው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውንና ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈውን ነገር ነው፤ ይኸውም ለመከላከያ የሚወጣው ገንዘብ ከማን ኪስ ወጥቶ ከማን ኪስ እንደሚገባ፣ በመንገዱም ላይ ለአገር ምን ጥሎ እንደሚያልፍ ነው።

ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ወታደሩ በብር ደመወዝ የሚቆረጥለት አልነበረም፤ በባላገሩ ቤት ይሰፍር፣ ከጎተራውም ይበላ ነበር። ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ከጎዳ በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1892 እ.ኤ.አ. ባላገሩ ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣና ወታደሩም በየቤቱ መስፈሩን ትቶ ከዚያ እንዲቀለብ አዘዙ። በዚያ ዘመን ባላገሩ የጦሩን ዋጋ በዓይኑ ያይ፣ በቁናም ይሰፍረው ነበር። ዛሬ ግን ወጪው በግብር፣ በቀረጥና በውጭ ምንዛሪ ውስጥ ተሰውሮ ያልፋል። አለመታየቱ ግን አለመኖሩ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ የዓለም መንግሥታት ለጦር ያወጡት ገንዘብ፣ የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ጥናት ተቋም እንደ ገመተው፣ 2,718 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ይህም የዓለም ሕዝብ በዓመት ከሚያመርተው 2.5 በመቶ ያህል ይሆናል።

1ኛ. የከተማው ሒሳብ

ብዙ ዘመን ደብረ ዘይት ስትባል የቆየችውን ቢሾፍቱን እንመልከት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. እየመራ ያደራጀው የአየር ኃይል የሰፈረው በዚህች ከተማ ነው። ሐይቆቿ እንግዳ ቢጠሩላትም፣ ከወር እስከ ወር የማይቋረጥ ደመወዝ ይዞ የገባው ግን አየር ኃይሉ ነው።

ሒሳቡን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የአየር ኃይል መካኒክ 100 ብር ተቀበለ እንበል። ከዚህ ውስጥ 60ውን እዚያው ከተማ ለጤፍ፣ ለቤት ኪራይና ለልብስ ሰፊ ያወጣል፤ የቀረውን ወይ ያስቀምጣል፣ ወይ ወደ ወላጆቹ አገር ይልካል። ባለሱቁና ልብስ ሰፊውም ካገኙት 60 ብር ላይ 36ቱን እንደዚሁ በከተማው ውስጥ ያወጣሉ፤ ይህም ለሌላ ሰው ገቢ ይሆናል። እንዲህ እየተመነዘረ እስኪያልቅ ብንደምረው መጀመሪያ 100 የነበረው ለከተማው ሰዎች በጠቅላላው 250 ብር ገቢ ይሆናል። የኤኮኖሚ ሊቃውንት «የወጪ አባዢ» የሚሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የከተማው ነዋሪ «የጦር ሰፈሩ አሳዳሪያችን ነው» ቢል ሐሰት አልተናገረም።

2ኛ. የአገሩ ሒሳብ

ይሁን እንጂ ያ 100 ብር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከአንድ የሞጣ ነጋዴ በግብር የተሰበሰበ ነው ብንል፣ ነጋዴው ብሩ በእጁ ቢቀር ኖሮ እርሱም በበኩሉ ለሞጣ ጠራቢ፣ ለሞጣ ሸማኔ፣ ለሞጣ ጠጅ ቤት ያወጣው ነበር። በቢሾፍቱ የበዛው ብር በሞጣ ሳይበዛ ቀረ ማለት ነው። ቢሾፍቱ 250 አገኘች፤ ሞጣ 250 አጣች። አገሪቱ በጠቅላላው ከገንዘቡ ዝውውር ያተረፈችው የለም። ያተረፈችው የመካኒኩን አገልግሎት፣ ማለት ጥበቃውን ነው። ጥበቃ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ነገር ግን በጥበቃነቱ ይመዘን እንጂ በገበያ አድማቂነቱ ሊመሰገን አይገባውም። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው።

ይህ የወረቀት ምሳሌ ብቻ እንዳይመስለን የአሜሪካንን ጥናቶች እንጥቀስ። ኤሚ ናካሙራና ዮን ስታይንሶን በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የጦር ዕቃ ግዢ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ግዛቶች ላይ ያደረገውን ለውጥ መረመሩ። አንዱ ግዛት ከሌላው በልጦ አንድ ዶላር የጦር ግዢ ሲደርሰው፣ ምርቱ ከሌላው አንጻር በአንድ ዶላር ተኩል ገደማ ከፍ እንደሚል አገኙ። ሮበርት ባሮና ቻርልስ ሬድሊክ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. አገሪቱን በጠቅላላው ሲመለከቱ፣ ለመከላከያ በወጣው አንድ ዶላር የአገሪቱ ምርት በሁለት ዓመት ውስጥ የጨመረው ከ60 እስከ 70 ሳንቲም ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ አይምሰሉን። አንደኛው የቢሾፍቱን፣ ሁለተኛው የቢሾፍቱንና የሞጣን ድምር የሚቆጥሩ ናቸው።

ወታደሮች ራሳቸው ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ጄኔራል የነበረው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር፣ የአንድ ዘመናዊ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች ለየአንዳንዳቸው አንድ የጡብ ትምህርት ቤት ያሠራ እንደነበረ አስልቶ አሳይቷል።

3ኛ. አገር በሙሉ የሚጠቀመው መቼ ነው?

«ታዲያ አሜሪካ የበለጸገችው በጦርነት አይደለምን?» የሚል ሙግት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እውነት ነው፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ከመቶ የአሜሪካ ሠራተኞች 17ቱ ሥራ ፈት ነበሩ፤ በ1944 ግን ሥራ ፈቱ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆነ። ነገር ግን ምክንያቱን ማጤን ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ አሜሪካ የቆመ ፋብሪካ፣ የሠለጠነ ግን ሥራ ያጣ እጅ ነበራት፤ መድፉንና ታንኩንም የምትሠራው ራሷ ነበረች። ለጦሩ የወጣው ዶላር ከሌላ ሥራ ላይ እጅ ሳይነጥቅ የተኛውን እጅ ቀሰቀሰ። የተኛው እጅ ባለቀ ጊዜ ግን እዚያም ቢሆን መቀማማት መጣ፤ ከ1942 ጀምሮ ለሕዝብ የሚሆን አውቶሞቢል መሥራት ቆመ፤ ስኳርና ቤንዚን በካርድ ተመጠነ።

የእኛ አገር ችግር ከዚህ የተለየ ነው። በእኛ ዘንድ የጎደለው የውጭ ምንዛሪና መሣሪያ የሚሠራ ኢንዱስትሪ ነው። ከላይ ያነሣነው 100 ብር ለመካኒኩ ደመወዝ ሳይሆን ለአውሮፕላን መለዋወጫ ቢወጣ፣ 90ው ወደ ሻጩ አገር ሄዶ 10 ብር ብቻ እዚህ ቢቀር፣ አሥሩ በዝቶ 25 ብር ይሆናል፤ ዘጠናው ግን የሚያደምቀው የሌላ አገር ገበያ ነው። ያም ዘጠና በቡናችንና በቆዳችን ሽያጭ የተገኘ ምንዛሪ በመሆኑ፣ መድኃኒት ወይም የፋብሪካ መሣሪያ ሊገዛ ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ በመከላከያ በጀት ውስጥ እንኳ ብር ከብር ይለያል፤ የደመወዙ ብር እዚሁ ሲዞር የመሣሪያው ብር ይሻገራል።

የደርግ ዘመን ይህን በግልጽ ያሳየናል። መንግሥቱ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ካሉት አገሮች ሁሉ የሚበልጥ ሠራዊት አቆመ፤ በ1980 ዓ.ም. አካባቢ የጦሩ ወጪ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ወደ አሥረኛው እጅ ተጠግቶ ነበር። መሣሪያው በአብዛኛው በዱቤ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ በመሆኑም፣ መሣሪያው ዝጎ፣ ደርግም ወድቆ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈርሳ፣ ዕዳው ብቻ ለተከታዩ ትውልድ ተረፈ።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ የተቃውሞ ጥናት አለ። ኤሚል ቤንዋ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ከ1950 እስከ 1965 የ44 ታዳጊ አገሮችን ሁኔታ አይቶ፣ ለመከላከያ ብዙ ያወጡት በሀብትም ፈጥነው ያደጉ ሆነው አገኛቸው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ብዙ ጦር የነበራቸው አገሮች ብዙ የውጭ እርዳታም ይቀበሉ እንደነበር አመለከቱ፤ እድገቱ የጦሩ ነው ወይስ የእርዳታው? ብለውም ጠየቁ። እኛም ጥያቄው ተገቢ ነው እንላለን።

ፍርዳችን የተካከለ እንዲሆን ጦር ለሰላማዊ ኑሮ የሚያበረክተውንም መመስከር አለብን። የዛሬው ኢንተርኔት የተነሣው የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በ1969 እ.ኤ.አ. ከዘረጋው የኮምፒዩተሮች መገናኛ ነው። በእኛም አገር በአየር ኃይል የሠለጠኑ አብራሪዎችና መካኒኮች ለአየር መንገዳችን ብዙ አገልግለዋል። ይህ ትርፍ የተገኘው ግን የሰውን እጅና አእምሮ ለማሠልጠን ከወጣው ገንዘብ እንጂ በሣጥን ታሽጎ ከመጣው መሣሪያ አይደለም።

4ኛ. ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ፣ ጦሩም ሲሄድ

አንዳንድ ጊዜ ወጪውን የሚከፍለው የሌላ አገር ግብር ከፋይ ይሆናል። ጎረቤታችን ጂቡቲ ለዚህ ምሳሌ ናት፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል አሜሪካ ለሌሞኒዬ ሰፈሯ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኪራይ ለመክፈል ተስማማች። እንዲህ ሲሆን ሞጣን የሚተካ ተጎጂ በአገር ውስጥ አይኖርም። ሆኖም ገበያው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ይቆማል።

ይህን አስመራ አይታዋለች። ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን፣ በግንቦት ወር 1945 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት፣ አሜሪካኖች ወደ ኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም «ቃኘው» የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ ይዘው ቆዩ። ለኢትዮጵያ መንግሥት የጦር መሣሪያና ሥልጠና ተሰጠ፤ ለአስመራም ተከራይ፣ ደንበኛና ደመወዝ ከፋይ ተገኘላት። ነገር ግን ሳተላይት የጣቢያውን ሥራ እየተረከበ ሲሄድ፣ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነትም ሲበላሽ፣ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ጣቢያው ተዘጋ። ጉዳዩ የተወሰነው በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ ነው፤ የአስመራን አከራይና የቤት ሠራተኛ የጠየቀ አልነበረም። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም እንደሚባለው፣ በአንድ ደንበኛ የቆመች ከተማ ስትይዘውም ስትለቀውም ትፈራለች።

ሆኖም መለቀቅ ሁሉ ጥፋት አይደለም። በፊሊፒንስ የሱቢክ ባሕር ኃይል ሰፈር፣ የአገሪቱ ሴኔት አዲሱን ውል በ1991 እ.ኤ.አ. ስላልተቀበለው፣ በኅዳር 1992 ተለቀቀ። የአካባቢው ሰዎች በፈቃደኝነት ንብረቱን ከዘረፋ ጠበቁ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ቦታውን ነፃ የንግድ ወደብ አደረገው፤ መርከብ መጠገኛው፣ መጋዘኑና አውሮፕላን ማረፊያው ለንግድ ሥራ ዋለ። በእኛም አገር ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የደርግ ወታደር ሲበተን፣ ለአንዳንዱ መሬትና በሬ፣ ለሌላው መቋቋሚያ ገንዘብ ቢሰጥም፣ ደመወዙን ተማምኖ ያደረ ቤተሰብ ስንት እንደተጎዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ጦር የሚሄድበትን ቀን ማሰብ የሚገባው ጦሩ ገና ሳለ መሆኑን ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የመከላከያ ወጪ ሲነሣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከሞጣ ነጋዴ፣ ከውጭ ተከራይ ወይስ ገና ካልተወለደው ልጅ በዱቤ? ሁለተኛ፣ በምን ላይ ዋለ? እዚሁ በሚዞር ደመወዝና ሥልጠና ወይስ በሚሻገር መሣሪያ? ሦስተኛ፣ ሲቆም ምን ይቀራል? የሠለጠነ እጅና የሚያገለግል ማረፊያ ወይስ የዛገ ብረት?

ለጥበቃው የሚከፈለውን ለጥበቃው ብለን እንክፈል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሳንሰስት እንክፈል። ለከተሞች ገበያና ለወጣቱ ሥራ የምናስብ ከሆነ ግን መንገዱ፣ መስኖውና ትምህርት ቤቱ በራሳቸው ስም በጀት ይጠየቅላቸው እንጂ በጦሩ ስም አይጠየቅላቸው። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት መዝገብ የሚገልጥ አይጠፋም። ያን ቀን የቢሾፍቱን ገበያ ድምቀት ሲያይ፣ በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈችውን ሞጣንም አብሮ ይቁጠራት።